ሽማግሌ የተላከባቸው ዶክተር

ዶክተር ሐጎስ ማረፋቸውን የሰማሁት ኢምፔሪያል አካባቢ ጥርሴን ልነቀል ወረፋ ይዤ ሳለሁ ነው። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ድሮ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማርኳት ልጅ ነበረች፤ አሁን እሷም ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጥርሷ ስታወራኝ ቆየችና፣ «ትናንት ደግሞ ቀብር ውዬ ነው እንዲህ የደከመኝ፤ ጡረታ የወጡ የኛ ክፍል መምህር ነበሩ፣ ዶክተር ሐጎስ የሚባሉ» አለችኝ። ፊቴን አይታ ደነገጠች። «ያውቋቸው ነበር እንዴ ቲቸር? ምንዎ ነበሩ?»

ምኔ ነበሩ? ዘመዴ አይደሉም። ጎረቤቴም አይደሉም። በወረቀት ከተሄደ አስተማሪዬም አይደሉም፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ላይ አማካሪ ተብሎ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው። «አማካሪዬ ነበሩ» አልኳትና ተጠርቼ ገባሁ። ሐኪሙ ገና መርፌውን ሲያነሳ እንባዬን አየና፣ «ኧረ እማማ፣ ገና ምኑ ተነካና!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ለማስረዳት አቅም ስላልነበረኝ አፌን ከፈትኩለት።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ቦሌ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ለዓመታት ካመለከትኩ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር ተፈቀደልኝ። ፈቃዱ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ሚኒስቴር ሲንከራተት እኔም አብሬው ስለተንከራተትኩ፣ በመጨረሻ እጄ ሲገባ ደስታው መንገድ ላይ አልቆ ነበር። ይሄ አልበቃ ብሎ የትምህርት ክፍሉ ሌላ ጣጣ አመጣ። እያንዳንዱ ተማሪ የጽሑፍ አማካሪውን ራሱ መርጦ፣ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት አስፈርሞ ይምጣ ተባለ። አማካሪ ያላገኘ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አንዴ ከተመለስን ደግሞ ሁለተኛ ማንም እንደማይልከን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

መምረጥ ይላሉ! ማን ቀርቶ ነው የሚመረጠው? ገሚሱ መምህር ለትምህርት እንደወጣ በዚያው ቀርቷል፣ ገሚሱ ታስሯል፣ የተረፉት የሌላውን ሁሉ ኮርስ ተሸክመው ጎብጠዋል። ያም ሆኖ በር ለበር ዞርኩ። አንዱ በሩን በግማሽ ከፍተው፣ በሚቀጥለው ወር ወደ ሶቪየት ኅብረት እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ሌላው ምን ማጥናት እንደምፈልግ ከመጠየቃቸው በፊት በውይይት ክበብ ያለኝን ተሳትፎ ጠየቁኝ። ሦስተኛው በትዕግሥት ሰሙኝ፣ ሰሙኝና፣ ርዕሱን ራሳቸው ቢሰጡኝ እንደሚሻል አስረዱኝ፤ ርዕሱ እሳቸው ጀምረው ያልጨረሱት ጥናት ነበር። ማታ ማታ ቤት ስገባ ከሰው ጋር መነጋገር ያስጠላኝ ጀመር።

እኔ ማጥናት የምፈልገው ከሰፈራችን በታች የሚወርደውን ወንዝ ነበር። የከተማው ቆሻሻ ሲገባበት ውስጡ የሚኖሩት ትንንሽ ፍጥረቶች ምን ይሆናሉ የሚል ነገር። ስለ ውሃ የሚያውቁት ደግሞ ዶክተር ሐጎስ ብቻ ነበሩ። ስማቸውን ባነሳሁ ቁጥር ሰው ሁሉ «እሳቸው ጋ እንዳትሄጂ» ይለኛል። አንደኛው ምክንያት ተማሪ አይቀበሉም የሚል ነው፤ ይሄ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ሁለተኛው ዝግ ባለ ድምፅ ነው የሚነገረው። ወንድማቸው ጫካ ገብቷል ይባላል፤ እሳቸውም አንድ ጊዜ ታስረው ተፈትተዋል።

ሌላ በር ስላልቀረኝ ሄድኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘመመ ሰው ነበሩ። መነጽራቸው ወፍራም ነው፤ ያለ እሱ ሰውና ግድግዳ አይለዩም። የማይወዱት ነገር ሲነገር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ተናጋሪው እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። በስብሰባ ላይ ካድሬው ንግግር ሲጀምር የሐጎስ መነጽር ይወልቃል ይባል ነበር። መነጽር ማውለቅን የሚከለክል መመሪያ ስላልወጣ ማንም ምንም አላላቸውም።

«ምን ልታጠኚ ነው?» አሉኝ ቆሜ ሳለሁ።

«ወንዙን።»

«አይተሽዋል?»

«ሰፈሬ እኮ ነው። ሁልጊዜ በድልድዩ ላይ አልፋለሁ።»

«ማለፍና ማየት ምን አገናኘው? ሂጂና አይተሽው ነይ።»

በጣም ተናደድኩ። ያን ሁሉ በር ዞሬ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ «አይተሽው ነይ»! ቢሆንም ሄድኩ። ቀሚሴን ሰብስቤ ውሃው ውስጥ ገባሁና ድንጋይ እየገለበጥኩ ዋልኩ፤ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች የጠፋብኝን ነገር የምፈልግ መስሏቸው አብረውኝ ሊፈልጉ ተነሱ። ከድልድዩ በላይ እያንዳንዱ ድንጋይ ሥር የሚርመሰመስ ዓይነተ ብዙ ነፍሳት አለ። ከድልድዩ በታች ግን ቀይ ትል ብቻ ነው። ተመልሼ ይህንኑ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አላወለቁም። እንዲያውም ወንበር ሳቡልኝ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ፤ «የሚጠና ነገር ነው።» ልቤ ከፍ ከማለቷ፣ «እኔ ግን ተማሪ አልቀበልም። ሌላ ሰው ፈልጊ» ብለው በሩን አሳዩኝ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ወደቅሁ። አባቴ አየር ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ነገርን ሰምቶ ሳይጨርስ አይናገርም። ሁሉንም ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እምቢ ባለ ሰው ላይ ሽማግሌ ነው የሚላከው» አለ።

«አባዬ፣ ይሄ ትምህርት ነው እንጂ ጋብቻ አይደለም።»

«ምን ለየው? ልጄን ለሁለት ዓመት ለሰው እጅ ልሰጥ አይደል?»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። እሑድ ጠዋት ግን የእድራችን ሰብሳቢ ባሻ ወልዴ፣ የድሮ ወታደር ናቸው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ደጃችን ቆሙ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሽማግሌ ሲላክበት ምን እንደሚል፣ በክፍሉ ውስጥስ ምን ተብሎ እንደሚወራብኝ አስቤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። «የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ እኔም በዕድሜዬ ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ ባሻ፣ «ግን መጀመሪያ የሌለው ነገር የለም።» ሄዱ። በወጉ መሠረት እኔና አባቴ ቤት ቀረን። የሆነውን ግን ባሻ ወልዴ እድር ላይ ለዓመታት ሲያወሩት ስለኖሩ፣ አብሬያቸው የነበርኩ ያህል አውቀዋለሁ።

የዶክተር ሐጎስ ቤት ከአየር ማረፊያው ጀርባ፣ ወደ ገርጂ ሲኬድ ነበር፤ ያኔ አካባቢው ገሚሱ እርሻ ነው። ሽማግሌዎቹ ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ሦስት ወንዶች በጠዋት ተሰልፈው የሰው በር ሲያንኳኩ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በሩን የከፈቱት የዶክተሩ እኅት ለተብርሃን አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ውስጥ ተመለሱ። ዶክተሩ ኮታቸውን ለብሰው ሲወጡ፣ ለተብርሃን ከኋላቸው ጋቢና ዳቦ በፌስታል እየከተቱ ያለቅሱ ነበር።

«አይደንግጡ፣ ለመልካም ነው የመጣነው» አሉ ባሻ። ተቀመጡ ሲባሉም፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ ልጃችንን ይቀበሉን ልንል ነው» ብለው ቆሙ። ለተብርሃን መጀመሪያ ወንድማቸውን ሊያስሩት፣ ቀጥሎ ሊድሩት የመጡ መስሏቸው፣ የያዙትን ፌስታል ለቀቁት። ዳቦው ግቢው ውስጥ ተንከባለለ።

ነገሩ ሲብራራ ዶክተር ሐጎስ አልሳቁም። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ እሳቸውም ቆመው መለሱ። «አባቶቼ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት። ጠልቻት አይደለም። ከሷ በፊት አንድ ተማሪ ተቀብዬ ነበር። ሥራው ሲጋመስ እኔ ታሰርኩ። የኔ ስም ያለበትን ወረቀት ማንም ሊነካው ፈራ። ልጁ ጽሑፉን ጥሎ ክፍለ ሀገር ሊያስተምር ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ አንድ እግሩ እስር ቤት ላለ ሰው ልጃችሁን ትድራላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «አንድርም» አሉ ባሻ ወልዴ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «በዋስ ካልሆነ በቀር» አሉ።

«የምን ዋስ?»

«ቤት የሚከራይ ዋስ ይጠራል። ሥራ የሚቀጠር ዋስ ይጠራል። የታሰረ እንኳ በዋስ ይፈታል። ትምህርት ምን ስለሆነ ነው ዋስ የማይኖረው? ሌላ ሰው አማካሪ ነኝ ብሎ ይፈርም፤ እርስዎ ያስተምሯት። እርስዎን አንድ ነገር ቢያገኝዎ ዋሱ ያስጨርሳታል።»

«ለኔ ማን ዋስ ይሆናል?»

«እርስዎ የሚያምኑት ሰው አይሁን» አሉ ባሻ፤ «መንግሥት የሚያምነው ይሁን።»

ያኔ ነው የሳቁት። ሽማግሌዎቹም ያኔ ተቀመጡ።

መንግሥት የሚያምነው ሰው የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር መርዕድ ነበሩ፤ የፓርቲ አባል ናቸው። ሁለቱ ከዓመታት በፊት በአንድ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ ተጣልተው ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። ዶክተር ሐጎስ ለራሳቸው ጉዳይ ቢሆን ያን በር እንደማያንኳኩ አውቃለሁ። ለኔ ግን ሄዱ። ምን ተባባሉ፣ ማን ማንን ይቅርታ ጠየቀ፣ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ዶክተር መርዕድ አስጠሩኝና ፈረሙልኝ። «እኔ ፈርሜያለሁ» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ፤ «ሥራውን ከማን ጋር እንደምትሠሪው አላውቅም። ገባሽ? አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገርጂ፣ ዶክተር ሐጎስ ቤት መሄድ ሆነ። የብረት በሩን ከማንኳኳቴ በፊት ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። የሚከፍቱልኝ እሳቸው ከሆኑ አንድ ሳምንት አተረፍን ማለት ነው። ለተብርሃን ሻይ ያመጣሉ፤ ስኳሩ በቀበሌ የሚታደል ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከረሜላ እየመጠጥን ነው የምንጠጣው። እኔ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። የሚያስተምሩት ብዙ ነበርና ይደክማቸዋል፤ አንዳንዴ ያንቀላፉ መስሎኝ ዝም ስል፣ «ቀጥዪ፤ ተኝቼም ስህተት እሰማለሁ» ይሉኛል።

ስህተት ሲሰሙ አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ። «ማን አየው?» ይላሉ። ይቺ ቃላቸው እስከ ዛሬ ታባንነኛለች። «ወንዙ በጣም ቆሽሿል» ብዬ ጽፌ ነበር። «ቆሻሻውን አየሽ እንበል። ይሄን ‹በጣም› የሚባለውን ማን አየው?» ሌላ ቀን ደግሞ፣ «እንደሚታወቀው» ብዬ ስጀምር ገና ጣታቸው ተነሳች። «ማን ነው የሚያውቀው? አባትሽ ያውቃል? ባሻ ያውቃሉ?» አንድ ገጽ ይዤ እሄድና ሦስት መስመር ይዤ እመለሳለሁ። በድካም ብዛት መንገድ ላይ ያለቀስኩበት ቅዳሜ አለ። ግን የተረፉት ሦስት መስመሮች ማንም የማይነቀንቃቸው ሆነው ይተርፋሉ፤ ይሄን ደግሞ ያኔም አውቀው ነበር።

ክረምቱን በሙሉ የአባቴን የጎማ ቦቲ ተጫምቼ ወንዝ ወረድኩ። ጎርፉ ነፍሳት የማጠምድበትን መረቤን ወሰደው፤ አንድ ቀን እኔንም ሊወስደኝ ነበር። የሰበሰብኩት ነገር ቅጥ ያጣ ሆነ፤ ዛሬ ያገኘሁት ሳምንት የለም፣ ከድልድዩ በታች የሌለው ድንገት ይገኛል። ክረምቱ እንደወጣ ያንን ምዕራፍ ይዤ ሄድኩ። አንብቤ ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ክረምቱን ጣዪው» አሉኝ።

«ለምን?»

«ጎርፍ ሲመጣ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል። ቁጥሮችሽ እርስ በርስ ይጣላሉ። ፈታኞችሽ በዚያ ቀዳዳ ገብተው ይበሉሻል። የበጋውን ብቻ ይዘሽ ቅረቢና ቶሎ ጨርሺ።»

«ማን አየው ሲሉኝ ከርመው? እኔ አይቼዋለሁ እኮ ዶክተር! ክረምትስ ቢሆን ወንዝ አይደለም እንዴ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። በኔ ላይ ሲያወልቁ የመጀመሪያቸው ነበር። «ጊዜ የለንም፣ ስንዱ» አሉኝ ዝግ ብለው። «ጣዪው ብዬሻለሁ። ለሳምንት ያለ እሱ ጽፈሽ ነይ።»

ለሳምንት ስሄድ በሩን የከፈቱት ለተብርሃን ነበሩ። ፊታቸውን አይቼ መጠየቅ አላስፈለገኝም። «ሐሙስ ወሰዱት» አሉኝ። «ልጄ፣ ከእንግዲህ አትምጪ። ላንቺም ጥሩ አይደለም።» እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እግሬ አልነሳ ብሎኝ ነው እንጂ ጀግንነት አልነበረም።

ለምን እንደተወሰዱ የነገረን የለም። ለተብርሃን ስንቅ ያመላልሳሉ፤ የሚመለስላቸው ባዶ ሳህን ብቻ ነው። ቃል ማስገባትም ማስወጣትም አይቻልም። ዶክተር መርዕድ ወሬውን እንደሰሙ አስጠሩኝ፤ ጉዳዩን አላነሱም፣ ስም አልጠሩም። «ያለሽን አምጪ» ብቻ አሉ። የእሳቸው ሙያ ስለ ዕፅዋት ነው፤ ስለ ውሃ የሚያውቁት እምብዛም አልነበረም። ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ያልገባቸውንም አልገባኝም ይሉ ነበር። በፈተናው ቀን ከጎኔ ተቀምጠው በእኔ ፈንታ ሲያልባቸው አየሁ። ዋስ ነኝ ያለ ሰው ዋስ ሆኖ መገኘቱ በዚያ ጊዜ ትንሽ ነገር አልነበረም። አለፍኩ፤ ተመረቅሁ። ጋዋኑን ለብሼ ፎቶ ስነሳ ደስታ የሚባል ነገር አልተሰማኝም፤ የተሰማኝ እንቅልፍ ነው።

ዶክተር ሐጎስ የተፈቱት ከዓመት በላይ ቆይተው፣ ድንገት ነው። ወሬውን እንደሰማን ከአባቴና ከባሻ ወልዴ ጋር ሄድን። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ጉንጫቸው ሰርጉዶ፣ ጋቢ ተከናንበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው እየገባ፣ እየሳመ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃዎ» ይላል፤ እሳቸው አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ እንጂ ብዙም አይሰሙም። ዓይናቸው በር በሩን ያያል። እኔን ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ነይ እዚህ። ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ። ተመርቄያለሁ ዶክተር።»

«እንኳን ደስ አለሽ» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልፈካም። እጄን እንደያዙ ቆዩ። «መልእክት የምልክልሽ ሰው አጣሁ» አሉኝ። «ያን የክረምቱን ነገር ተሳስቼ ነበር። እዚያ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንድ ቀን ገባኝ። ጎርፉ ሁሉን ጠርጎ ከሄደ በኋላ ከድልድዩ በታች መጀመሪያ ተመልሶ የሚመጣው ማን እንደሆነ ማየት ነበረብን። መልሱ ያለው እዚያ ነው። እኔ ሊወስዱኝ እንደሆነ ስለተሰማኝ እንድትፈጥኚ ብዬ አስጣልኩሽ። ሥራሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሰዉ ሁሉ ስለ ወንጀል የሚወራ መስሎት ነው።

«አልጣልኩትም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ክረምቱን። እንዳለ ነው ያስገባሁት። ጎርፉ ካለፈ በኋላ የላይኞቹ ነፍሳት ወርደው ከድልድዩ በታች ለጥቂት ሳምንት ኖረዋል። ቆሻሻው ሲመለስ ነው የሞቱት። ወንዙ ቢተዉት ይድን ነበር ማለት ነው። ፈታኞቹም ከሁሉ የወደዱት እሱን ነው።»

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለተብርሃን የሚያለቅሱ መስሏቸው ሊያቅፏቸው ተጠጉ። ጋቢውን ሲገልጡት ግን እንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር።

«ጣዪው ብዬሽ ነበር እኮ!»

«አዎ፣ ብለውኛል።»

«እና እምቢ አልሽ?»

«እምቢ አልኩ።»

«ለተብርሃን! ሰማሽ? እምቢ አለችኝ እኮ!» አሉ። የተሰበሰበው ሰው ምኑም አልገባውም፤ እሳቸው ሲስቁ አይቶ ግን አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የገባ እንግዳ ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር አስፈታዎ» ሲላቸው፣ «እሱን ተዉት» እያሉ እኔን በጣታቸው ያሳያሉ፤ «ይቺ ልጅ እምቢ ብላኝ ኖሯል።»